በዝናብ ጊዜ በተራራ መንገድ በእግርና በሞተር ብስክሌት ስለ መጓዝ

ከአሥመራ ተነሥቶ ወደ ምጽዋ የሚወርደው መንገድ ርዝመቱ ወደ 115 ኪሎ ሜትር ነው። መነሻው ከባሕር ወለል በላይ 2325 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ሲሆን መድረሻው የባሕሩ ዳር ነው። ከዚህም ቁልቁለት የሚበዛው በመጀመሪያው 45 ኪሎ ሜትር፥ ማለት ከአሥመራ እስከ ጊንዳዕ ባለው ክፍል ተጨምቆ ይገኛል። መንገዱ እየተጠመዘዘ ወደ ነፋሲት ሲወርድ በአንድ ወገን የተቈረጠ አለት፥ በሌላው ወገን ገደል አለው። በጠራ ሰማይ ለሚሄድ ሰው ከዚህ የበለጠ ደስ የሚያሰኝ መንገድ ጥቂት ነው። ዝናብና ጭጋግ ሲወርድበት ግን ያው መንገድ ጠባዩ ይለወጣል። በእግሩ ተራራ የሚወጣም ሆነ በሞተር ብስክሌት የሚጓዝ ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ነገር ከዚህ በታች ተጽፎአል።

ስለ ሁለቱ ዝናቦች

በደጋው ላይ ዝናቡ የሚበረታው በሐምሌና በነሐሴ ነው። የደጋ ሰው መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲጠራ «ክረምቱ ወጣ» ይላል፤ ለቀዬውም እውነት ነው። በምሥራቁ ቁልቁለት ላይ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት ከቀይ ባሕር የሚነሣው እርጥብ ነፋስ ወደ ተራራው እየተገፋ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቅዞም ጉም ይሆናል፤ ጉሙም በተራራው ወገብ ላይ ተኝቶ ካፊያና ዝናብ ያወርዳል። ከአሥመራ በስተ ሰሜን ምሥራቅ ያለው የፍልፍል ሰሎሙና አካባቢ ደን ለብሶ የሚታየው ሁለቱንም ዝናብ ስለሚያገኝ ነው። የሐማሴን ገበሬዎች የደጋውን አዝመራ ከሰበሰቡ በኋላ ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደ ባሕሪ ይወርዱ የነበረውም ይህንኑ ሁለተኛ ዝናብ ፈልገው ነው።

እንግዲህ በታኅሣሥ ወይም በጥር ማለዳ ከአሥመራ በፀሐይ የሚነሣ መንገደኛ ጥቂት ሳይርቅ በጭጋግ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ከአፋፉ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ሲመለከት እንደ ባዘቶ የተነጠፈ ደመና ከታቹ ቢያይ፥ መንገዱ በዚያ ደመና ውስጥ የሚያልፍ መሆኑን ያስብ። በሸዋ የጣርማ በርን ጭጋግ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ሳይነገረው ይረዳዋል። የዝናብ ልብስን ከጥቅምት በኋላ በሣጥን ቈልፎ መውጣት ለደጋ ነዋሪ ልማድ ቢሆንም ለቁልቁለቱ መንገደኛ አይበጅም።

በእግር ለሚወጡ ሰዎች

ከነፋሲት በላይ የሚታየው የደብረ ቢዘን ገዳም በ14ኛው መቶ ዓመት በአቡነ ፊልጶስ የተመሠረተ ሲሆን ወንዶችን ብቻ ይቀበላል። ስፍራው ከ2400 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው፤ ነፋሲት ግን በ1600 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ተሳላሚው 800 ሜትር ያህል ሽቅብ መውጣት አለበት። ዊሊያም ኔይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ተራራ ወጪ በ1892 እ.ኤ.አ. አንድ ቀላል ስሌት ሰጥቶአል፤ ይኸውም ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፥ ለየ600 ሜትሩ ሽቅብ ደግሞ ተጨማሪ አንድ ሰዓት መያዝ ነው። በዚህ ስሌት የቢዘን ከፍታ ብቻውን 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይጠይቃል፤ የመንገዱ ርዝመት የሚወስደው ጊዜ በላዩ ይታከላል። ይህም ልማድ ላለው ሰው በደረቅ መንገድ የታሰበ ነው። በጭቃና በእርጥብ ድንጋይ ላይ ለሚሄድ፥ ይልቁንም ሽማግሌ ወይም ልጅ ለሚከተለው ሰው፥ ግማሽ ያህል መጨመር ብዙ አይባልም።

በክረምት ወራት ጧቱ ጠርቶ ነጎድጓዱ ከቀትር በኋላ መምጣቱ የተለመደ ነው። ስለዚህ በንጋት ተነሥቶ እኩለ ቀን ሳያልፍ ከጫፍ መውረድ ከሁሉ የሚሻል ነው። የመመለሻው ሰዓት ቤት ሳሉ ይቈረጥ፤ በተራራ ላይ ሆኖ «ትንሽ ብቻ ቀረን» እየተባለ የሚቈረጥ ሰዓት እምነት የሚጣልበት አይደለም። በዚህ አገር ፀሐይ ከገባች በኋላ ምሽቱ ቶሎ ይጨልማልና ያለ ባትሪ መብራት የቀረ ሰው በግማሽ ሰዓት ውስጥ እግሩ የሚያርፍበትን ማየት ይሳነዋል። የኪስ ስልክ መብራት እንዳለው የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በብርድና በእርጥበት ቶሎ የሚደክም ስለ ሆነ፥ በገደልም ውስጥ ድምፅ ላይቀበል ስለሚችል፥ ተስፋ ሁሉ በእርሱ ላይ አይጣል። ወዴት እንደሚሄድና በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ለቤተ ሰብ ወይም ለመንደሩ ሰው ነግሮ የሚነሣ መንገደኛ ቢዘገይ ፈላጊ አለው።

ብዙ ሰው ዳገቱን ይፈራል፤ የሚወድቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ በቁልቁለቱ ነው። ጉልበት ደክሞአል፤ ልብም ቤት ገብቶአል። እርጥብ ቅጠል የተኛበት ድንጋይ፥ የተላጠ ሥርና ሽበት የያዘው አለት ከጭቃ ይልቅ ያንሸራትታሉ። አጭር እርምጃ እየረገጡ፥ ጉልበትን ጥቂት አጠፍ አድርጎ፥ ምርኩዝን ከፊት እያስቀደሙ መውረድ ይገባል። ጭጋግ መንገዱን ቢሸፍነው ግን አቋራጭ መፈለግ ክልክል ይሁን፤ በዚህ ተራራ አቋራጭ የሚመስለው ሸንተረር በገደል አፍ ላይ የሚያልቅ ብዙ ነው።

ስለ መብረቅ ጥቂት ቃል ያስፈልጋል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ በብልጭታውና በነጎድጓዱ መካከል ያለው እያንዳንዱ 3 ሰከንድ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ከብልጭታው ጀምሮ ሲቈጠር 30 ሰከንድ ሳይሞላ ድምፁ ከተሰማ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር በታች ነው፤ ያን ጊዜ ከጫፍና ከሸንተረር መውረድ ግድ ነው። ወደ መንገድ የሚቀጥሉትም የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው። ብቻውን በሜዳ ከቆመ ዛፍ ሥር መጠለል የብዙ እረኞችን ሕይወት የሚያጠፋ ስሕተት ነው። መኪና ያገኘ በውስጡ ገብቶ መስኮቱን ይዝጋ፤ ሞተር ብስክሌት ግን ከላይ ሽፋን ስለሌለው ምንም አያድንም። ብዙ ሆነው የሚሄዱ ሰዎች ተራርቀው ይቀመጡ፤ አንዱ ቢመታ ሌላው እንዲረዳው ነው። በመብረቅ የተመታን ሰው ለመንካት የሚፈሩ አሉ፤ ሰውነቱ ግን ኤሌክትሪክ አይዝም። ትንፋሹና ልቡ ቆመው እንደ ሆነ ወዲያው ደረቱን በመጫንና ትንፋሽ በመስጠት ከሞት መመለስ ይቻላልና አንዲት ደቂቃ አትባክን።

ብርድ በሞቃት አገር

«በአፍሪካ ፀሐይ ሥር ሰው በብርድ ይሞታልን?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ይሞታል፤ ለዚያም በረዶ አያስፈልግም። አየሩ በየ1000 ሜትሩ ሽቅብ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። በዚህ ላይ ውሃ ሙቀትን ከዝምተኛ አየር 25 ጊዜ ያህል አብልጦ ያስተላልፋልና የራሰ ልብስ የሰውነትን ሙቀት ወደ ውጭ የሚያወጣ ይሆናል። ነፋስ ከተጨመረበት፥ ሞተር ብስክሌት ነጂ ደግሞ ነፋሱን በራሱ ፍጥነት ይዞት ስለሚሄድ፥ 10 ዲግሪ በሆነ አየር ውስጥ እንኳ ሰው ሊደነዝዝ ይችላል።

ጋቢ ለደረቅ ብርድ እጅግ መልካም ልብስ ነው። ነገር ግን ጥጥ ስለ ሆነ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፤ በገላም ላይ ተጣብቆ ያቀዘቅዛል። የሱፍ ሹራብ ርሶም ቢሆን ጥቂት ሙቀት ያስቀራል። ስለዚህ ከውስጥ ሱፍ፥ ከላይ ውሃ የማያስገባ ካፖርት፥ በመያዣውም ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ የተቀመጠ አንድ ደረቅ ቅያሪ ይኑር። ቅያሪው ለመንገዱ ፍጻሜ እንጂ ዝናቡ ሳያባራ የሚለበስ አይደለም።

የብርዱ አደጋ መምጣቱን ራሱ ተጠቂው አያውቀውም፤ ክፋቱም በዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፤ ቀጥሎ ቃሉ ይንተባተባል፥ እግሩም ይደነቃቀፋል፥ ቍልፉን መቈለፍ ያቅተዋል፥ ሲጠየቅ «ደኅና ነኝ» እያለ ይቈጣል። ሙቀት ሳያገኝ መንቀጥቀጡ ካቆመ ተሻለው ማለት ሳይሆን ባሰበት ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ከነፋስ አስጠግቶ፥ የራሰውን አውልቆ፥ በደረቅ ልብስ ጠቅልሎ ራሱንና አንገቱን መሸፈን ያስፈልጋል፤ መዋጥ የሚችል ከሆነ ስኳር የበዛበት ትኩስ ሻይ ይስጡት። አረቄ ግን አይሰጥም። አረቄ የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚከፍት ሰውየው የሞቀው ይመስለዋል እንጂ የውስጡ ሙቀት በዚያው መንገድ ያመልጣል። ይህ ምክር በመንገድ ዳር ሻይ ቤቶች ሁሉ እንደማይወደድ የታወቀ ነው።

በሞተር ብስክሌት ለሚጓዙ ሰዎች

የዝናቡ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከሁሉ የከፉ ናቸው። በደረቁ ወራት በአስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው አቧራ፥ የጎማ ብናኝና የሞተር ዘይት ከጥቂት ካፊያ ጋር ሲደባለቅ እንደ ሳሙና ይሆናል። ዝናቡ በርትቶ መንገዱን እስኪያጥበው ድረስ 15 ወይም 20 ደቂቃ ከመንገድ ወጥቶ መቆም ጊዜ ማባከን አይደለም። በተለይ ከባድ መኪናዎች ከወደቡ ጭነት ይዘው በሚወጡበት ቁልቁለት፥ በጠባቡ መታጠፊያ ላይ የሚፈሰው ናፍታ በእርጥቡ አስፋልት ላይ እንደ ቀስተ ደመና እየተንጸባረቀ ይታያል፤ ሽታውም አስቀድሞ ይደርሳል። በዚያ ላይ ፍሬን መያዝም ሆነ ማዘንበል መውደቅን መጥራት ነው። በክረምት ወራት በለስ በሚሸጥበት መንገድ ዳር የተጣለ ልጣጭም እንዲሁ ነው፤ ትንሽ ነገር ይመስላል እንጂ ለሁለት ጎማ ትንሽ አይደለም።

የፍጥነትን ነገር በቍጥር ማሳየት ይሻላል። ጎማው አስፋልቱን የሚይዝበት ኃይል ለስሌት ያህል በደረቁ 0.7፥ በእርጥቡ 0.4 ነው ይባል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ነጂ አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 17 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በደረቅ ሜዳ 20 ሜትር፥ በእርጥብ ሜዳ 35 ሜትር፥ በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር በሚወርድ እርጥብ ቁልቁለት ግን ወደ 42 ሜትር ሄዶ ይቆማል። እንግዲህ በጠቅላላው 58 ወይም 59 ሜትር ሆነ ማለት ነው። ይኸው ነጂ ፍጥነቱን ወደ 30 ቢቀንስ በዚያው ቁልቁለት በ19 ሜትር ውስጥ ይቆማል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ የማቆሚያው ርቀት ወደ ሢሶው ይወርዳል። በጭጋግ ውስጥ 30 ሜትር ብቻ እየታየው በ60 የሚሄድ ሰው የሚቆመው ከማያየው ነገር በስተ ኋላ ነው፤ በዚህ መንገድም የማይታየው ነገር ፍየል፥ ግመል፥ የዝንጀሮ መንጋ ወይም የቆመ መኪና ሊሆን ይችላል።

የፊቱን ፍሬን መንካት ገልብጦ ይጥላል ተብሎ የኋላውን ብቻ የሚይዙ ነጂዎች ብዙ ናቸው። ፍርሃቱ ከአንድ ነገር ተነሥቶአል፤ በድንገትና በኃይል የተያዘ የፊት ፍሬን በእርጥብ መንገድ ጎማውን ቈልፎ ይጥላልና። ነገር ግን ሞተር ብስክሌት ፍጥነቱን ሲቀንስ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ፥ ከማቆሚያው ኃይል የሚበልጠውን የሚሰጠው የፊቱ ጎማ ነው። የኋላው ቀልሎ ስለሚቀር ቶሎ ይቈለፋል፥ ጭራውም ይዞራል። ትክክለኛው ነገር ሁለቱንም በአንድነት፥ መጀመሪያ ቀስ ብሎ ቀጥሎ እያጠበቁ፥ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ሳለ መያዝ ነው። ጎማው እንዳይቈለፍ የሚከላከል መሣሪያ የተገጠመላቸው አዳዲስ ሞተሮች በዚህ ረገድ ነጂውን ይረዱታል፤ መንገዱ የሌለውን መያዣ ግን መሣሪያው ሊፈጥር አይችልም።

በረዥም ቁልቁለት የሞተሩ ኃይል ራሱ ፍሬን ይሁን። ከአፋፉ ሳይወርዱ ዝቅ ባለ ማርሽ ገብቶ ነዳጁን ለቆ መውረድ ይገባል። ማርሹን ነፃ አድርጎ ቤንዚን ለመቆጠብ የሚንሸራተት ሰው የሚያተርፈው ጥቂት ሳንቲም ነው፤ ፍሬኑ ግን ያለማቋረጥ ስለሚያዝ ይግላል፥ ግሎም ኃይሉን ያጣል። ማርሽ ሲቀንሱ ፍሪሲዮኑ ቀስ ብሎ ይለቀቅ፤ በድንገት ከተለቀቀ የኋላው ጎማ በእርጥብ መንገድ ላይ ሊንሸራተት ይችላል። በመታጠፊያ ላይ ሥራው ሁሉ ከመታጠፊያው በፊት ያልቃል፤ ፍጥነት የሚቀነሰውም ማርሽ የሚለወጠውም ቀጥ ባለው መንገድ ነው። ከዚያ በኋላ በእኩል ጉልበት፥ ዓይንን ወደሚወጡበት አቅጣጫ አድርጎ ማለፍ ይገባል። ገደሉን የሚመለከት ሰው ወደ ገደሉ ይሄዳል፤ እጅ ዓይንን ይከተላልና። ክላክስ ከመታጠፊያው በፊት ይነፋ፤ መልስ ባይሰማም በራስ ወገን ከመሄድ አይወጣ።

የተቀባ የመንገድ መስመር፥ የብረት ክዳንና የባቡር ሐዲድ ሲርሱ እንደ መስተዋት ይለሰልሳሉ። ከምጽዋ የተጀመረውና በ1911 እ.ኤ.አ. አሥመራ የደረሰው የባቡር ሐዲድ ከመኪናው መንገድ ጋር እየተቀራረበ ይሄዳል። ሐዲድ መንገድን በሚያቋርጥበት ስፍራ ሁሉ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ፥ ሐዲዱንም በተቻለ መጠን ፊት ለፊት ማቋረጥ ያስፈልጋል፤ በአግድም የሄደ ጎማ በሐዲዱ ጎን ይንሸራተታል።

በጭጋግ ረዥሙ መብራት አይበራም፤ ብርሃኑ ከጉሙ ተመልሶ የነጂውን ዓይን ይጋርዳልና ዝቅተኛው ይሻላል። ጭራሽ ካልታየ ከአስፋልቱ ፈጽሞ ወጥቶ መቆም ነው፤ በመንገዱ ጠርዝ ላይ መብራት አብርቶ የቆመን ሞተር ከኋላ የሚመጣ መኪና የሚሄድ መስሎት ሊከተለው ይችላል። በገደል ሥር ግን አይቆምም፤ ዝናብ የጠገበ አፈርና ድንጋይ ከላይ ይናዳል፤ ዝናቡም ካቆመ በኋላ ድንጋይ መውረዱ ይቀጥላል። ከኋላ የሚቀመጥ ሰው ጋቢውን ወይም ነጠላውን ወገቡ ላይ አጥብቆ ይሰር፤ የተንጠለጠለ ጫፍ በካቴናና በጎማ ተይዞ ሰውን ከነሞተሩ ይጥላል። የራስ ቁር ለነጂውም ለተሳፋሪውም ያስፈልጋል።

ስለ ደራሽ ውሃ

ከጊንዳዕ በታች ወደ ዶንጎሎና ወደ ጋሕተላይ በሚወስደው አገር የወንዙ መሄጃ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። በላይ በደጋው ሲዘንብ ግን በታች ፀሐይ እያበራ ውሃው ይደርሳል። ውሃው ከመታየቱ በፊት እንደ ጭነት መኪና የሚያጓራ ድምፅ ይሰማል፤ ቅጠልና እንጨትም ይቀድመዋል። 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው የሚከንፍ ውሃ ጐልማሳውን ሰው ሊጥል፥ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነው ትንሽ መኪና ሊያንሳፍፍ፥ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነው አብዛኛውን መኪና ሊወስድ ይችላል። የደፈረሰ ውሃ ሥሩን አያሳይም፤ ትናንት የነበረው መሻገሪያ ዛሬ ተሸርሽሮ ጉድጓድ ሆኖ ይሆናል። እንዲህ ያለ ጎርፍ እንደ ደረሰ እንዲሁ ቶሎ ይጐድላል፤ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ከዳር ተቀምጦ መጠበቅ ይበቃ ይሆናል። ጐድሎ ከተሻገሩ በኋላም ፍሬኑ ስለሚርስ በዝግታ እየሄዱ ደጋግሞ ለስለስ አድርጎ በመያዝ ማድረቅ ይገባል።

ሰው የወደቀ እንደ ሆነ

በመጀመሪያ ሌላ መኪና በላዩ እንዳይመጣ አንድ ሰው ከመታጠፊያው በስተላይ፥ አንድ ሰው ከበስተታች ሄዶ ምልክት ይስጥ። የወደቀውን ሰው ወዲያው ለማንሣት መቸኰል አይገባም፤ አንገቱ ወይም ጀርባው ተጐድቶ እንደ ሆነ በማንሣቱ ይብስበታል። የሚተነፍስ ከሆነ የራስ ቁሩ አይውለቅ፤ ትንፋሽ ካጣ ግን አንዱ ራሱንና አንገቱን ቀጥ አድርጎ ደግፎ ሲይዝ ሌላው በዝግታ ያውልቀው። የሚፈስሰውን ደም በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን ነው። ከዚያም ከሥሩም ከላዩም ልብስ አድርጎ ከእርጥብ መሬት መለየት ያስፈልጋል።

መኪና ወይም ሞተር በመንገድ ላይ ሲበላሽ ቅጠልና ድንጋይ ከፊትና ከኋላ ማስቀመጥ በዚህ አገር የቈየ ልማድ ነው፤ ልማዱም መልካም ነው። ክፉው ነገር መኪናው ተጠግኖ ከሄደ በኋላ ድንጋዩ በአስፋልቱ ላይ መቅረቱ ነው። ለባለ አራት ጎማ መንገጫገጭ የሆነው ይህ ድንጋይ በምሽት፥ በጭጋግና በዝናብ ለሚመጣው ሞተር ነጂ የሞት ወጥመድ ይሆናል። ድንጋዩን ያስቀመጠ ሰው ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት አንሥቶ ወደ ዳር ይጣለው።